አፕዴቱ የከሸፈበት የመሪጌታ ኮምፒውተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ ሳልጠየቅ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንዷ ቲማቲም እየመዘነች፣ ሌላው ባጃጁን አቁሞ፣ "እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ስልክ አፕዴት አድርግ እያለ ነዘነዘኝ፤ እሺ ልበለው ወይስ ልተወው?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ አመሌ ነው። ስልኩ ስንት ዓመቱ ነው? ውስጡ ቦታ አለው? ባትሪውስ? ቀኑና ሰዓቱ ልክ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አብዛኛው ሰው ይሰለችና "በቃ ይቅርብኝ" ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን ያ ስልክ ምን ነክቶት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ። ባለቤቴ "ጡረታ የወጣው እግርሽ ብቻ ነው" ይለኛል፤ እውነቱን ነው።

ሥራ የጀመርኩት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። የመንግሥት ለውጡ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እዚሁ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና በዓመት አንዴ ለጫማ ይበቃል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የጽሕፈት መኪናዬ በተበላሸ ቁጥር ጓደኞቼ እፎይ ብለው ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ፣ እኔ መኪናዋን ተከትዬ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወዳለችው የጥገና ክፍል እሄዳለሁ። ኃላፊያችን አቶ ሞላ ሁለት ሦስቴ እዚያ ካገኙኝ በኋላ ጠሩኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ ከመጻፉ መፈታታቱ ሳይሻልሽ አይቀርም" ብለው ወደ ጥገና አዛወሩኝ። የቀጡኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

የጥገና ክፍሏ ሰው ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። በወጣትነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ መሐል ላይ ታመው ከትምህርቱ ቀሩና የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኑ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲመጣ "ዕድሜዎ ገፍቷል" ተብለው እሳቸው ቀሩና ባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና የተላክሁት እኔ ነኝ። ስመለስ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ሳይቀበሉኝ፣ እንዴት ሰነበትሽም በወጉ ሳይሉ፣ "የሥልጠናውን ደብተር አምጪው" አሉኝ። በወሩ ከእኔ በልጠው አገኘኋቸው።

አሠራራቸው ለየት ያለ ነው። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ እንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ ይደረድራሉ። አቧራውን በዶሮ ላባ ይጠርጋሉ። ማሽኗ አልነሣ ካለች ሚሞሪዋን ነቅለው ወርቃማ ጠርዟን በተማሪ ላጲስ ያሹታል፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ትነሣለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ንባባቸው ነበር። ስክሪን ላይ የስሕተት ማስታወቂያ ሲመጣ የኛ ሠራተኛ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ይጥፋልኝ ብሎ ቁልፍ መጫን። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። "እጅሽን አንሺ! ንባቡ ሳይጠና ትርጓሜ ውስጥ አይገባም!" ይላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ያንን እንግሊዝኛ፣ የማይገባቸውን ቃል ጭምር፣ ፊደል በፊደል፣ ልክ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ጮክ ብለው ያነቡታል። ጸሐፊዎቹ በሣቅ ይሞታሉ። እሳቸው ግን ደብተራቸው ላይ ይገለብጡትና ወደ ማሽኗ ባለቤት ዞረው "ትናንት ምን አበላሃት?" ብለው ይጠይቃሉ።

ይህን ከእሳቸው ወርሼ ስንቱን ማሽን አዳንኩበት። ወደ መጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ሉማሜ አንድ ቢሮ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አፕዴት አልቀበል ብላ አራት ወር ቆየች። ከተማ የተማሩ ልጆች አይተዋት "አርጅታለች፣ ትጣል" ብለው ነበር። በአውቶቡስ ሄድኩ። ማስታወቂያውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ነገሩ ስለ ቀን ነው የሚያወራው። ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው! ጸሐፊዋን "ይህን ማን ነካው?" ብላት ኮራ ብላ፣ "እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ተሳስቶ ነው የማገኘው፤ ጠዋት ጠዋት ዓመተ ምሕረቱን አስተካክለዋለሁ" አለችኝ። ምስኪኗ በኛ አቆጣጠር ስትሞላው ኖራለች። ማሽኗ ደግሞ አፕዴት በመጣላት ቁጥር የተጻፈበትን ቀን ታያለች፤ ገና ስምንት ዓመት የሚቀረው ነገር ሆኖ ስታገኘው ሐሰተኛ ነው ብላ ትመልሰዋለች። እውነቷን እኮ ነው። ከነገ ወዲያ የሚጻፍ ደብዳቤ ዛሬ ቢያመጡልኝ እኔስ እቀበላለሁ? ቀኑን መልሼ ስክሪኑ ላይ "ዘመኔን አትንኩብኝ" የሚል ወረቀት ለጠፍኩና ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ። ያን ዕለት በመንገዱ ሁሉ ብቻዬን ስሥቅ ነበር።

ይህን የማወራው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሚሌኒየሙ ሳይገባ፣ ባለማንበቤ ያደረስኩት ጥፋት አለ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ካህን በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ዘለቀ ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነበሩ። ካህኑ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ መምህር መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ ጋቢው ውስጥ ያለችው ደግሞ ኮምፒውተራቸው ነች። አዲስ አበባ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው የሰጣቸው፣ ያኔም ያረጀች ማሽን ነበረች። ያው ተማሪ "የድሮው ሲስተም ጊዜው አልፎበታል፤ በዚህ አድሱት" ብሎ ሲዲ ይልክላቸዋል። መሪጌታም ሲዲውን ከተው እሺ እሺ እያሉ ሲሄዱ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

"ከዚያ ወዲህ ልጄ፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች፤ ትነሣለች፣ ትወድቃለች" አሉኝ።

"ውስጧ ምን ነበር መሪጌታ?"

ነገሩኝ። የእሳቸው መምህር የኔታ ክንፈ ከሞቱ ቆይተዋል። ቅኔ ደግሞ በየበዓሉ አዲስ ሆኖ አንድ ጊዜ ይባላል፤ የሰማ ካልያዘው አለቀ። መሪጌታ የመምህራቸውን ቅኔ በልቡ የያዘ ሽማግሌ አለ በተባለበት ሁሉ በእግራቸው እየሄዱ ለዓመታት ሰብስበዋል። የሰበሰቡበትን ወረቀት ክረምት ላይ የቤታቸው ጣራ አፍስሶ አበሰበሰው። የተረፈውን ሳይጠፋ ብለው በአንድ ጣታቸው እየነኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፉት። ስድሳ ሁለት ቅኔ። ከዚያች ማሽን በቀር የትም የለም።

በሥራ ሰዓት የግል ሰው ማሽን መንካት አይፈቀድም ነበር፤ ግን ይህን ሰምቶ ማን ይከለክላል? ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በኛ ማሽን ላይ ሰካሁት። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ወጣ። መሪጌታ ከኋላዬ ሆነው "ተመስገን" አሉ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ስክሪኑን የሞላው ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ ነጥብ፣ አንዳንዱ ኮፍያ ያጠለቀ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው። ሦስተኛው፣ አሥረኛው፣ ያው።

"መሪጌታ፣ ፋይሎቹ ተበላሽተዋል። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ በታትኗቸዋል።"

"ሁሉም?"

"የከፈትኳቸው ሁሉ።"

ማሽኗን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ "ምን ይሻላል እንግዲህ?" ሲሉኝ፣ "ዲስኩን አጥፍቼ የድሮውን ሲስተም ልጫንበት፤ ማሽኗ እንኳ ትትረፍልዎት" አልኳቸው።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። የተበላሸ ነገር ተገልብጦ ምን ሊሆን? ደግሞ አውቶቡሳቸው እንዳያመልጣቸው፣ ሌላም ሥራ ተከምሮ ይጠብቀኝ ነበርና ቸኮልኩ። ፎርማት አደረግሁ፣ ሲስተሙን ጫንኩ፣ ማሽኗ እንደ አዲስ ቦግ ብላ ተነሣች። መሪጌታ መረቁኝ፤ ማሽኗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሄዱ። እኔም ማሽን አዳንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሰው እጅ አንድ ፍሎፒ ላኩልኝ። ለአንድ ወዳጃቸው ከቅኔዎቹ አንዱን ሰጥተውት ኖሯል፤ "ይህቺ እንኳ ተርፋ እንደሆነ እይልኝ" ብለዋል። ከፈትኩት። ያው ኮፍያ ያጠለቀ ፊደል። "ይህም ተበላሽቷል" ብዬ ላወጣው ስል እጄ ቆመ። ይህ ፍሎፒ የተሰጠው ከመብራቱ መጥፋት ብዙ ወር ቀድሞ ነው። አፕዴቱ አጠገቡም አልደረሰ። ታዲያ ይህን ማን በታተነው?

ጋሽ ዘለቀ ከእረፍት ተመልሰዋል። ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና ያንን ትርጉም የለሽ ነገር፣ ነጥቡንም ኮፍያውንም እየጠሩ፣ ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ላይ ተመለሱ። በጣታቸው የየመስመሩን መጨረሻ ነካ ነካ አደረጉ።

"ትርንጎ፣ ይህቺ ፊደል እዚህም አለች፣ እዚህም አለች፣ እዚህም አለች።"

"እና?"

"እናማ ቤት ይመታል። የተበታተነ ነገር ቤት አይመታም።"

ከመሳቢያቸው ሌላ ፍሎፒ አወጡ። በዚያ ዘመን በኛ ፊደል የሚጻፍበት ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ነበር፤ በአንዱ የተጻፈውን ያ ፕሮግራም የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፍቱት በፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ብሎ ይወጣል። እኛ ቢሮ ሁሉም በአንድ ስለሚጽፍ እኔ ይህን አይቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ዘለቀ ሌላኛውን ፕሮግራም ጫኑና ፋይሉን እንደገና ከፈቱት። የየኔታ ክንፈ ቅኔ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ቁጭ አለች።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። "የመሪጌታ ዲስክ ደህና ነበር" አልኩ።

ጋሽ ዘለቀ አላጽናኑኝም። "የቀረ ነገር አለ?" ብቻ አሉ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከሰው ለምነን፣ መሪጌታን ማሽኗን መልሰው እንዲልኩልን አድርገን፣ ሁለት ቀን ሞከርን። የፋይሎቹ ስም ተመለሰ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። በላያቸው ላይ ሲስተም የጫንኩባቸው እኔ ነኛ።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። መሪጌታ አፕዴቱን፣ መብራቱን፣ ዕድላቸውን ሲረግሙ ይኖሩ ነበር። ይህ ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እዋሻለሁ፤ መጥቶ ሁለት ቀን አብሮኝ ሰንብቷል። በሦስተኛው ቀን ማሽኗንና ፍሎፒውን ይዤ የደብረ ኤልያስ መኪና ተሳፈርኩ።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው። መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ በር ሥር ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። የመጣሁበትን ቶሎ ካልተናገርኩ እንደማልናገረው ስለገባኝ ቆሜ ሁሉንም አልኩት።

"ደህና ነበር ነው የምትይኝ?" አሉ መሪጌታ።

"አዎ።"

"ደህና የነበረውን አንቺ አጠፋሽው?"

"አዎ መሪጌታ።"

ተነሥተው ወጡ። ደጅ ላይ ሲንጎራደዱ ይሰማኛል። ወይዘሮ እናኑ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። መሪጌታ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ቅኔውን የነገሩኝ አባ መዝገቡ ሞተዋል። የይጁቤው ሽማግሌ ልባቸው ሄዶ ልጆቻቸውን እንኳ አይለዩም። አሁን ወደ ማን ልሂድ? ወደ መቃብር?" አሉኝ። "ባትመጪ እኮ አላውቅም ነበር" አሉ ቀጥለው።

"አውቃለሁ።"

"ለምን መጣሽ ታዲያ?"

"ተበላሽቷል ያልኩዎት ሐሰት ስለሆነ ነው። ደግሞ ምናልባት የሚያስታውሱት ካለ ልጽፍ ብዬ ደብተር ይዣለሁ።"

ንዴታቸው እንዳልበረደ ፊታቸው ላይ ይታያል። ቢሆንም ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ማለት ጀመሩ። እኔ ግዕዙን እየተሳሳትኩም ቢሆን ጻፍኩ። ያኛው ሳይደናቀፍ አለቀ። ሁለተኛው ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመባቸው። ከመጀመሪያው ተነሡ፤ እዚያው ቦታ ቆመ። ሦስተኛ ሞከሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያኔ ከበሩ ሥር ድምፅ መጣ። ወይዘሮ እናኑ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ የጎደለውን መስመር አሉት። ቃሉን ብቻ አይደለም፤ መሪጌታ ኮምፒውተሯ ላይ ሲጽፉ ቁልፉን ፈልገው እስኪያገኙ የሚያቆሙበትን ቦታ ሳይቀር እያቆሙ ነው ያሉት። አንድ ቃል አሉና ዝም፤ ሁለት ጠጠር ለቀሙ፤ ቀጣዩን ቃል አሉ።

"አንቺ!" አሉ መሪጌታ።

"አቤት?"

"ይህን ከየት አወቅሽው?"

"በዚያች በአንድ ጣትዎ እየነኩ፣ አንዷን ቃል አሥር ጊዜ እየጮሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ የት የነበርኩ መስሎዎታል?"

"ትርጉሙንስ ታውቂዋለሽ?"

"ማን ነግሮኝ? ድምፁን ነው የማውቀው።"

መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሠላሳ ዓመት የቅኔ ወንበር ዘርግተው ከመላው ጎጃም የመጣ ተማሪ ሲያስተምሩ፣ አንድ ቀን ዞር ብለው "አንቺስ የያዝሽው አለ?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። ወይዘሮ እናኑን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኔስ ብሆን ስገባ ሰላምታዬን ሰጥቼ ያለፍኳቸው አይደል?

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ደብረ ኤልያስ ነበርኩ። መሪጌታ ይጀምራሉ፣ ሲቆምባቸው ወይዘሮ እናኑ ያነሡታል፤ ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ ወይዘሮ እናኑ ጀምረው መሪጌታ የሚያዳምጡበት ጊዜ በዛ። ሁለት ቦታ ላይ ባላቸውን ሲያርሙ ሰምቻለሁ፤ መሪጌታ ተከራክረው፣ አስበው፣ "ልክ ነሽ" አሉ። እያንዳንዱን ሰኞ ሰኞ ቢሮ ገብቼ ጽፌ፣ በወረቀት አትሜ፣ በሁለት ፍሎፒ ገልብጬ እልካለሁ። መሪጌታም ለእኔ የነበራቸው ፊት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ማሽኑ ፊደልን እንዴት በቁጥር እንደሚይዝ እየጠየቁ ሥራ ያስፈቱኝ ነበር።

ሃምሳ አምስቱ ተገኙ። ሰባቱ አልተገኙም። ርዕሳቸው ከፋይሎቹ ስም ላይ አለ፤ መሪጌታ ግን ከመጀመሪያ ቃላቸው በላይ መሄድ አልቻሉም። ወይዘሮ እናኑም በእያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አስገረመኝ፤ ሰባቱም ተከታታይ ናቸው። ሌላውን ሁሉ ይዘው እነዚህን ብቻ እንዴት? ባመሌ ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"እነዚያን ሲጽፉ እኔ እዚህ አልነበርኩም። እናቴ ሞታ ይጁቤ ለቅሶ ላይ ነበርኩ" አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ "ይቅር በይኝ ልጄ። ቶሎ መመለስ ነበረብኝ" አሉ።

ደብተሬን ጣልኩና ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ግን የማለቅሰው ለእናታቸው መስሏቸው "ተይ፣ ተይ ልጄ፣ ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተች" እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኝ ጀመር።